ሽቫይንፉርት፦ በብረት ኳስ ላይ የቆመች ከተማ

ማይን ወንዝ ከሰሜን ባቫሪያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ራይን ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ፣ ሜዳውን እየዞረ ነው የሚጓዘው። ወደ ደቡብ ሊታጠፍ ጥቂት ሲቀረው፣ የጥንት ሰዎች ውኃውን ይሻገሩበት ከነበረ መልካ ላይ፣ ሽቫይንፉርት የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ስሟ በጽሑፍ ሰፍሮ የተገኘው በ791 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ 54,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። በጀርመን ሚዛን ትልቅ የምትባል አይደለችም። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ የጦር ዕቅድ አውጪዎች ይህችን ከተማ ቢመቱ የሂትለር ታንክና አውሮፕላን ሥራው ይስተጓጎላል ብለው አስልተዋል። ስሌታቸው የቆመው በጣት መካከል ሊያዝ በሚችል የብረት ኳስ ላይ ነበር።

ወደ ኳሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ከተማዋ ረጅም ዕድሜ ኖራለች።

በመካከለኛው ዘመን ሽቫይንፉርት ለአካባቢው መስፍንም ሆነ ለቩርዝቡርግ ጳጳስ የማትገዛ፣ ግብሯንም አቤቱታዋንም በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ የምታቀርብ ነጻ ከተማ ነበረች። ነጻነቱ ክብር ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን በቅርብ የሚደርስ ጠባቂ አልነበራትም። በ1553 አልብሬሽት አልኪቢያደስ የተባለ ጦረኛ መስፍን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲዋጋ ጦሩን አስገብቶ ከተማዋን ምሽግ አደረጋት። ጠላቶቹ ከብበው ከአንድ ዓመት በላይ አስጨነቋት፤ በሰኔ 1554 ገብተው ዘረፏት፣ አቃጠሏትም። የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ ‹‹የከተማ ጥፋት›› ይሉታል።

ከእሳቱ ካመለጡት መካከል ኦሊምፒያ ሞራታ ነበረች። የጣሊያኗ ፌራራ ልጅ ናት፤ በላቲንና በግሪክ ቋንቋ የምትጽፍ፣ በዘመኗ ከነበሩት ሴት ምሁራን ግንባር ቀደሟ፣ ሐኪም ባሏን ተከትላ ወደ ትውልድ ከተማው የመጣች። ቤተሰቧን ይዛ በባዶ እግሯ ሸሸች። ከጽሑፎቿ የሚበዙት በዚያው ቀሩ፤ እሷም በተከታዩ ዓመት ሃይደልበርግ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። በዚያ ቃጠሎ የጠፋው ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ለመገመት የተረፉት ደብዳቤዎቿ ይበቃሉ።

ከአመድ የተነሣችው ከተማ ከ1570 እስከ 1572 በገበያዋ መሀል አዲስ ማዘጋጃ ቤት አቆመች፤ ሕንጻው ዛሬም የአደባባዩ ጌጥ ነው። ከዚያ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት መጣ፤ በ1648 ሲያበቃ ብዙ የጀርመን ክፍል ወና ሆኖ ነበር። ሰላም ከወረደ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 1 ቀን 1652፣ የከተማዋ ሐኪም ዮሐን ባውሽ ሦስት የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር መሠረተ። እያንዳንዱ አባል አንድ ዕፅ፣ አንድ ማዕድን ወይም አንድ እንስሳ ይመርጣል፤ ለሕክምና የሚበጀውን አጥንቶ ይጽፋል፤ ለሌሎቹም ያካፍላል። በ1670 ማኅበሩ የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ በሕክምናና በተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ካተኮሩ የዓለም ቀዳሚ መጽሔቶች አንዱ ነው። በ1687 ንጉሠ ነገሥት ሌዎፖልድ ቀዳማዊ ልዩ መብት ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሌዎፖልዲና ተባለ። አሁን መቀመጫው ሃለ ከተማ ሲሆን ከ2008 ጀምሮ የጀርመን ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ነው። ጥቂት ሺህ ነዋሪ ብቻ የነበራት፣ ከጦርነት ያላገገመች ከተማ ይህን ያህል የሚዘልቅ ተቋም መውለዷ ከታሪኳ ሁሉ ይልቅ ሊያስደንቅ የሚገባ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ነጻነቷ በናፖሌዎን ዘመን አበቃ። በ1802 ባቫሪያ ያዘቻት፤ ከጥቂት ዓመታት መፈራረቅ በኋላ በ1814 ለዘለቄታው የባቫሪያ ሆነች። ከዚያ በፊት በነጻዋ ከተማ ዘመን፣ በ1788፣ በገበያው አደባባይ አጠገብ ፍሪድሪሽ ሩከርት ተወልዷል። ባለቅኔም የምሥራቅ ቋንቋዎች ምሁርም ነበር፤ 44 ያህል ቋንቋዎችን እንዳጠና ይነገርለታል፤ ግዕዝም ከእነዚያ አንዱ ነው። ከአረብኛ፣ ከፋርስና ከሳንስክሪት የተረጎማቸው ሥራዎች ጀርመኖች ምሥራቁን የሚያነብቡበት በር ሆነዋል። በ1833 መጨረሻና በ1834 መጀመሪያ ሁለት ልጆቹን በቀይ ትኩሳት (ስካርሌት ፊቨር) አጣ፤ ሐዘኑን ከ400 በሚበልጡ ግጥሞች ጻፈው። ከእነዚህ አምስቱን ጉስታቭ ማህለር በሙዚቃ አቀናብሯቸዋል። የከተማዋ ሰዎች በ1890 በገበያው መሀል ሐውልት አቆሙለት፤ ፋብሪካዎቹ መነሣት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው።

ከኳሱ በፊት ግን ሽቫይንፉርትን ያሳወቃት አረንጓዴ ቀለም ነበር። ነጋዴው ቪልሄልም ዛትለር ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1814 ገደማ ከመዳብና ከአርሴኒክ የሚሠራ፣ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ደማቅ አረንጓዴ አወጣ። ቀለሙ ‹‹የሽቫይንፉርት አረንጓዴ›› ተብሎ በአውሮፓ ሁሉ ተሸጠ። በግድግዳ ወረቀት፣ በልብስ፣ በሰው ሠራሽ አበባ፣ በሠዓሊዎች ሸራ ላይ ዋለ። ዛትለር ከትርፉ በወንዙ ዳር ያለውን የማይንበርግ ግንብ ገዝቶ የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ አደረገው። ቀለሙ ግን መርዝ ነበር። እርጥበት ባለበት ቤት ግድግዳው ላይ ሲሻግት መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ በፋብሪካ የሚሠሩትንም፣ በቤቱ የሚተኙትንም ያሳምማል። በመጨረሻ ታገደ፤ ለተባይ ማጥፊያነት ብቻ ቀረ። ከከተማዋ ወደ ላይ ባለችው በሾኑንገን ግን አፈሩ አልረሳውም፤ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ቤት ሠርተው በሚኖሩበት መሬት ውስጥ አርሴኒክና ከባድ ብረታ ብረት ተገኝቶ፣ ግቢያቸው እየተቆፈረ፣ አፈሩ እየተጫነ እንዲጸዳ ግድ ሆነ። ከትርፉ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዕዳውን የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

የባቡር ሐዲድ በ1852 ደረሰ። በዚያ ዘመን ፊሊፕ ሞሪትዝ ፊሸር የሚባል ኦርጋን ሠሪ ለራሱ መሄጃ እንዲሆነው የፊተኛው ጎማ ላይ ፔዳል ያለው ብስክሌት ሠራ። ከተማዋ ዓመቱ 1853 ነው ትላለች፤ የቴክኖሎጂ ታሪክ አጥኚዎች ቀኑ በጣም እንደቀደመ ይጠረጥራሉ። ብስክሌቱ አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው። የታሪኩ ፍሬ ግን ልጁ ፍሪድሪሽ ነበር።

ፍሪድሪሽ ፊሸር በ1849 ተወለደ፤ የመካኒክ ሱቅ ከፍቶ የልብስ ስፌት መኪናና ብስክሌት ይጠግን ነበር። የዚያ ዘመን ብስክሌት መከራ ነበር፤ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ እየተፋተገ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ይበላል። መፍትሔው ከጥንት የታወቀ ነው። ከባድ ግንድ መሬት ላይ ከመጎተት ይልቅ በድቡልቡል እንጨቶች ላይ ሲንከባለል እንደሚቀለው፣ በዘንጉና በጎማው መካከል ትናንሽ ኳሶች ቢገቡ መፋተግ ወደ መንከባለል ይለወጣል። ኩሽኔታ ማለት ይኸው ነው። ችግሩ ኳሶቹ ነበሩ። አንድ በአንድ በቶርኖ ተቀርጸው በእጅ ይስተካከላሉ፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ማግኘት ጭንቅ ነው። በአንድ ኩሽኔታ ውስጥ አንዱ ኳስ ከጓደኞቹ በጠጉር ስፋት ቢበልጥ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ይወድቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ሌሎቹንም ያበላሻል።

ፊሸር በ1883 መልሱን አገኘ። ብዙ ኳሶችን በአንድ ጊዜ በሚሽከረከሩ ጠንካራ ሳህኖች መካከል አስገብቶ የሚስል ማሽን ሠራ። ኳሱ በሁሉም አቅጣጫ እየተገላበጠ ስለሚሳል ትልቁ ቀድሞ ይበላል፤ ከጊዜ በኋላ ሁሉም አንድ ልክ፣ አንድ ክብ ይሆናሉ። በ1890 የባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ በ1896 ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትልቅ ፋብሪካ መገንባት ጀመረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1899 ሞተ። ከአንድ ጥገና ሱቅ ተነሥቶ የአንድን ከተማ ዕጣ የወሰነ ሰው የዕጣውን መጨረሻ ሳያይ አለፈ።

ሥራው ግን ከእጁ ከወጣ ቆይቶ ነበር። አብሮት የደከመው መካኒክ ቪልሄልም ሆፕፍሊንገር በ1890 ከሌላ ሸሪክ ጋር የራሱን የኳስ ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያም ከኮንስታንትስ ኧርንስት ዛክስ መጣ። ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ ለፍጥነት ሲል የተወለደ የሚመስል፣ ጉዳት ደርሶበት ውድድሩን ያቆመ ወጣት። የሆፕፍሊንገርን ልጅ ቤቲን አገባ፤ በ1895 ከነጋዴው ካርል ፊሽተል ጋር ፊሽተል ኡንድ ዛክስ የሚባለውን ኩባንያ መሠረተ። በ1903 ቶርፔዶ የተባለውን ዕቃ አወጡ፤ በኋላው ጎማ መሀል ተገጥሞ ፔዳሉ ሳይረገጥ ጎማው በነጻ እንዲዞር፣ ወደ ኋላ ሲረገጥ ደግሞ ፍሬን እንዲይዝ የሚያደርግ። ቶርፔዶ በሚሊዮን ተሸጠ። ከጀርመን ውጭም በየአገሩ፣ በየገጠሩ መንገድ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ የሽቫይንፉርትን ሥራ በእግሩ ነክቶታል ማለት ይቻላል።

የፊሸርን ፋብሪካ በ1909 ጌኦርግ ሼፈር የሚባል ብረታ ብረት ሠሪ ገዛው፤ ኤፍ ኤ ጂ ኩግልፊሸር የሚለው ስም ከዚያ በኋላ የዓለም ስም ሆነ። መኪናው፣ አውሮፕላኑ፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ፣ ሁሉም ኩሽኔታ ፈለገ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍላጎቱን ሰማይ አደረሰው። ገበሬዎች ከፍራንኮኒያ መንደሮች በሌሊት ተነሥተው በባቡርና በብስክሌት እየመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ሆኑ፤ ማታ ተመልሰው መሬታቸውን ያርሱ ነበር። ከተማዋ በአንድ ነገር ብቻ የምትኖር ሆና የተገኘችው በዚህ ትውልድ ውስጥ ነው።

በ1929 የስዊድኑ ኤስ ካ ኤፍ የጀርመንን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ገዝቶ በአንድ ኩባንያ አዋሐዳቸው። ዛክስም የኩሽኔታ ክፍሉን ሸጠ፤ በገንዘቡ ወደ ሞተር፣ ወደ ፍሪሲዮንና ወደ ሾክ አብዞርበር ዞረ። ራሱን ችሎ የቀረው የሼፈር ቤተሰብ ብቻ ነበር። ኧርንስት ዛክስ ከመሞቱ በፊት ለከተማዋ የመዋኛ ቤት አሠርቶ ሰጠ፤ በ1933 ተከፈተ። ቤቱ ውስጥ ባኞ ለሌለው ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ልጁ ቪሊ ዛክስ ሌላ ሰው ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ፓርቲያቸውንም ኤስ ኤስ የተባለውንም ድርጅት ተቀላቀለ፤ ከናዚ መሪዎች አንዱ ከነበረው ከሄርማን ጎሪንግ ጋር አደን ይወጣ ነበር። በ1936 ለከተማዋ ስታዲየም ሰጠ፤ ሽቫይንፉርት 05 የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በዚያ ሜዳ ገነነ። የክለቡ ሁለት አማካዮች አልቢን ኪትሲንገርና አንድሬያስ ኩፕፈር በ1938 ለንደን ላይ እንግሊዝን ለገጠመው የአውሮፓ ምርጥ ቡድን ተመርጠዋል፤ ለአንዲት የፋብሪካ ከተማ የሚያስገርም ነው። ስታዲየሙ የቪሊን ስም ይዞ ለ85 ዓመት ያህል ቆየ። በ2021 ነው ከብዙ ክርክር በኋላ የመጀመሪያ ስሙ የተነሣለት።

ጦርነቱ ሲፋፋም የሽቫይንፉርት ፋብሪካዎች ከጀርመን ኩሽኔታ ግማሽ ያህሉን ያመርቱ ነበር። ወንዶቹ ወደ ግንባር ሲዘምቱ ማሽኖቹ ላይ የቆሙት በግዳጅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከፖላንድ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችና ወንዶች። በእንጨት ሰፈሮች ይኖሩ ነበር። ቦምቡ ሲመጣ የመጠለያው በር ለሁሉም እኩል አልተከፈተም።

ቦምቡም መጣ። ነሐሴ 17 ቀን 1943 አሜሪካኖች 376 ትላልቅ ቦምብ ጣዮች አሰለፉ፤ 146ቱ ወደ ሬገንስቡርግ የአውሮፕላን ፋብሪካ፣ 230ው ወደ ሽቫይንፉርት። ዕቅዱ ብልሃት ነበረው። የመጀመሪያው ቡድን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሁለተኛው ወዲያው ተከትሎ፣ ጀርመኖቹ ነዳጅ ለመቅዳት መሬት ላይ ሳሉ ያልፋል። ነገር ግን በዚያ ጠዋት እንግሊዝን ጭጋግ ሸፈናት። የሬገንስቡርጉ ቡድን ተነሣ፤ የሽቫይንፉርቱ ሰዓታት ዘገየ። ጀርመኖቹ ወርደው ነዳጅ ቀዱ፣ ጥይት ሞሉ፣ ተመልሰው ወጡ። አጃቢ ተዋጊዎች ነዳጃቸው ስለማይበቃ ጀርመን ድንበር አካባቢ ተመለሱ፤ ቦምብ ጣዮቹ ብቻቸውን ቀሩ። በዚያ ቀን 60 አውሮፕላኖች አልተመለሱም፤ 36ቱ ከሽቫይንፉርቱ ቡድን ናቸው።

የጀርመን የጦር መሣሪያ ሚኒስትር አልበርት ስፔር ደነገጠ። ጠላት የደም ሥሩን እንዳገኘ ገብቶታል፤ ወዲያው ቢደግም ምርቱ ይቆም ነበር ብሎ በኋላ ጽፏል። አሜሪካኖቹ ግን ከደረሰባቸው ጉዳት ለማገገም ሁለት ወር ፈጀባቸው።

ጥቅምት 14 ቀን 1943፣ ሐሙስ፣ 291 ቦምብ ጣዮች ለሁለተኛ ጊዜ ተነሡ። አሁንም አጃቢዎቹ በመንገድ ተመለሱ። ጀርመኖቹ በማዕበል መጡ፤ ሮኬት ከሩቅ ተኮሱ፣ አሰላለፉን በተኑ፣ የተነጠለውን እያሳደዱ መቱ። ከታች፣ በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት ፀረ አውሮፕላን መድፎች ከወታደር ሌላ በተማሪዎች ጭምር ይተኮሱ ነበር፤ በ1943 መጀመሪያ ከትምህርት ቤት የተጠሩ የ15፣ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ናቸው። ጠዋት ላቲን ይማራሉ፤ ሳይረኑ ሲጮህ ወደ መድፋቸው ይሮጣሉ። 60 አውሮፕላኖች ወደቁ። እያንዳንዱ አሥር ሰው ይዞ ነበር፤ 600 ያህል አየርተኞች ሞቱ ወይም ተማረኩ። አሜሪካኖች ያን ቀን ‹‹ጥቁር ሐሙስ›› ይሉታል።

መሬት ላይ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ነደዱ፤ ስፔር የኩሽኔታው ምርት 67 በመቶ ጠፋ ብሎ አሰላ። በዚያ ሲታይ ስሌቱ የሠራ ይመስላል። ሆኖም ጣሪያው ሲደረመስ ከሥሩ የነበሩት ማሽኖች አብዛኞቹ ተርፈዋል፤ ብረቱ ከቦምቡ ይበልጥ ጠነከረ። ፊሊፕ ኬስለር የተባለ ባለሙያ በልዩ ሥልጣን ተሾመ፤ ማሽኖቹ ወደ ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች ተበተኑ። በየመጋዘኑ ማንም ያልቆጠረው ክምችት ተገኘ። መሐንዲሶች ኩሽኔታ ሳያስፈልግ የሚሠራውን ክፍል ሁሉ ለወጡ። ከገለልተኛዋ ስዊድንም ግዢው ቀጠለ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት አጥኚዎች ፍርስራሹንና መዝገቡን መርምረው የደረሱበት መደምደሚያ መራር ነው፤ በኩሽኔታ ፋብሪካዎች ላይ የተፈጸመው ጥቃት በጀርመን ዋና ዋና የጦር ምርት ላይ ሊለካ የሚችል ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። በሁለቱ ቀናት ያልተመለሱት ወጣት አየርተኞች ስም ከዚህ አረፍተ ነገር ጎን ሲቀመጥ ማንበብ ይከብዳል። የከተማዋ ሙታንም እንዲሁ።

ድብደባው አልቆመም። ረጅም የሚበሩ አጃቢ ተዋጊዎች ከተገኙ በኋላ፣ የካቲት 24 ቀን 1944 ቀን አሜሪካኖች፣ ሌሊት ደግሞ እንግሊዞች በ734 አውሮፕላኖች መጡ። ከተማዋ በጦርነቱ ከ20 ጊዜ በላይ ተደብድባለች። ሚያዝያ 11 ቀን 1945 የአሜሪካ 42ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ፍርስራሹ ውስጥ ገባ።

ሰላሙ ሲመጣ ከቦምብ የተረፈው ማሽን በካሳ ተነቅሎ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጫነ። ሠራተኛው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጡብ እየጠረገ ጀመረ። ደግነቱ፣ የተነቀለው ብረቱ ነበር፤ ኳስን ከጠጉር ባነሰ ስሕተት የሚስለው እጅ እዚያው ነበር። በ1950ዎቹ ምዕራብ ጀርመን መኪና መሥራት ስትጀምር ሽቫይንፉርት የኩሽኔታዋን፣ የፍሪሲዮኗንና የሾክ አብዞርበሯን ጥያቄ ማስተናገድ አቃታት። ጣሊያኖች መጡ፤ ቱርኮች መጡ። ያሸነፋት የአሜሪካ ጦርም አልሄደም፤ ለሰባ ዓመት ያህል ሁለት ትላልቅ ካምፖች ይዞ ኖረ። በእነዚያ ዓመታት የከተማዋ ስም በሌላ መንገድም ተሰማ፤ የቪሊ ልጅ ጉንተር ዛክስ በ1966 የፈረንሳይዋን ተዋናይት ብሪዥት ባርዶን አግብቶ የጋዜጦች ርዕስ ሆነ። በአጠገቧም በግራፈንራይንፌልድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ ሁለቱ ማቀዝቀዣ ማማዎቹ ከየትኛውም የከተማዋ ጫፍ ይታዩ ነበር።

ከዚያ የጀርመን ውሕደት መጣ። ኩግልፊሸር የምሥራቅ ጀርመንን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ገዛ፤ የምሥራቅ ገበያቸው ደግሞ በዚያው ሰሞን ተናደ፤ የዓለም ኢኮኖሚም ቀዘቀዘ። በ1992 ኩባንያው ከመክሰር ጫፍ ደረሰ። ሌሎቹም ሠራተኛ ቀነሱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከተማዋ 10,000 ያህል የኢንዱስትሪ ሥራ ጠፋ፤ 54,000 ሰው በሚኖርባት ከተማ። አባትና ልጅ፣ አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ አዳራሽ የሚሠሩበት ቦታ ስለነበር ደብዳቤው ሲመጣ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የመጣው። አንድ ነገር በብዛትና በጥራት መሥራት ከተማን ሊያበለጽግ ይችላል፤ ያ ነገር ሲያነክስ ግን የሚደገፉበት ሌላ እግር አይኖርም። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ለአዳዲስ ድርጅቶች ቦታ፣ ለሙዚየሞች ገንዘብ ማዘጋጀት ጀመረ።

በ2001 የባለቤትነቱም ታሪክ ተዘጋ። ኩግልፊሸርን የሼፍለር ቤተሰብ ያለፈቃዱ ገዛው፤ ዛክስን ደግሞ ዜድ ኤፍ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ወሰደው። ኤስ ካ ኤፍ ከመጀመሪያውም የስዊድን ነው። ፋብሪካዎቹ በቦታቸው አሉ፣ በብዙ ሺህ ሰው ይሠራሉ፤ ውሳኔው ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ከተማ ነው የሚሰጠው። ከሼፈሮች የቀረው ሥዕል ነው። ሁለተኛው ጌኦርግ ሼፈር በሕይወቱ የሰበሰበው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል በ2000 በአርክቴክት ፎልከር ሽታብ በተነደፈ ሙዚየም ለሕዝብ ተከፈተ፤ የሠዓሊው የካርል ሽፒትስቬግን ሥራ ይህን ያህል የያዘ ስብስብ የለም። ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ በናዚ ዘመን ከአይሁድ ቤተሰቦች የተነጠቁ መሆናቸው ጥያቄ ተነሥቶባቸዋል፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። የኧርንስት ዛክስ መዋኛ ቤትም ከ2009 ጀምሮ የሥነ ጥበብ አዳራሽ ሆኗል።

ሰኔ 16 ቀን 1998 ደግሞ ከተማዋ ያልተለመደ ነገር አይታለች። በ1943 ከላይ ቦምብ የጣሉት አሜሪካኖችና ከታች መድፍ የተኮሱባቸው የያኔ ተማሪዎች፣ ሁሉም አርጅተው፣ አንድ መታሰቢያ አብረው መረቁ። ለሁለቱም ወገን ሙታን የቆመ ነው።

አሜሪካኖች በ2014 ካምፖቻቸውን ዘግተው ወጡ። ከመካከላቸው በአንዱ፣ በሌድዋርድ፣ መጀመሪያ ጥገኝነት ጠያቂዎች ተቀመጡ፤ በኋላ መጠለያው ወደ ሁለተኛው ካምፕ ሲዛወር ቦታው ከብዙ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ። የኑክሌር ማመንጫው በ2015 ሥራ አቆመ። ነሐሴ 16 ቀን 2024 በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት ሁለቱ ማማዎች ተደረመሱ፤ ከተማዋ ለአርባ ዓመት ስታያቸው የኖረችው ምልክት በሴኮንዶች ወረደ።

በዚያው ዓመት ዜድ ኤፍ በጀርመን እስከ 14,000 የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ፣ ሼፍለርም በአውሮፓ 4,700 ያህል እንደሚቀንስ አስታወቁ። ምክንያቱ አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ የሚዞረው ክፍል ጥቂት ስለሆነ የሚፈልገው ኩሽኔታም ያንሳል፤ ፍሪሲዮን ጭራሽ አይፈልግም። በመስከረም በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አደባባይ ወጡ። የጠየቁት ደመወዝ አልነበረም፤ አዲሱ ምርት፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ፣ ከሌላ አገር ይልቅ እዚህ እንዲሠራ ነው። ጥያቄው ባዶ ተስፋ አይደለም። ዜድ ኤፍ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ሥራውን በሽቫይንፉርት አደራጅቷል። ኤስ ካ ኤፍም በ2017 እዚያው ለነፋስ ኃይል ማመንጫዎችና ለከባድ መሣሪያዎች የሚሆኑ፣ እስከ 6 ሜትር ስፋት ያላቸው ኩሽኔታዎች የሚፈተኑበት ማዕከል ከፍቷል። ፍሪድሪሽ ፊሸር ለብስክሌት ብሎ በሳላት ኳስ የተጀመረው ሥራ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ በሚበልጥ ቀለበት ቀጥሏል፤ የሥራ ቦታው ለስንት ሰው ይበቃል የሚለው ግን የሠራተኛ ማኅበሩና የኩባንያዎቹ መደራደሪያ ሆኗል።